ኦነርስ የሚባል ውድቀት

እኔ አልወደቅሁም። ይህን ከመጀመሪያው ልበለውና ይውጣልኝ።

ወገኖቼ፣ ጆሃንስበርግ በምንኖረው ሐበሾች ዘንድ ሰው ብዙ ነገር መሆን ይፈቀድለታል። ፔፐር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ሳይኖረው ሾፕ መክፈት ይችላል። ተዘርፎ በማግስቱ ያንኑ ሾፕ መክፈት ይችላል። ከስሮ ከስሮ ሲያበቃ "ሥራው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል" ብሎ ፀጉሩን ተቆርጦ ሰርግ መሄድ ይችላል፤ ማንም ምንም አይለውም። አንድ ነገር ግን አይፈቀድለትም። ተመርቆ፣ ተደግሶለት፣ ዳቦ ተቆርሶለት፣ የካባ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ አይችልም። ከተመለሰ ወድቋል ማለት ነው፤ ወይም ቀድሞውንም አልተመረቀም።

እኔ ተመለስኩ።

ድግሱ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ዮቪል ውስጥ እትዬ ብርነሽ ምግብ ቤት ነበር የተደገሰው። በግ ታርዷል፣ ጄኔሬተር ተከራይቷል (መብራት ቢጠፋ ተብሎ፤ ጠፋም)፣ እኔ ሙቀቱ እያቀለጠኝ ያንን ካባ ለብሼ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ፎቶ ተነስቻለሁ። አባቴ አቶ ሎምበሶ ከፎቶዎቹ አንዱን አሳድጎ አሠርቶ ዳቬይተን በሚገኘው ሾፑ ውስጥ ከዳቦው መደርደሪያና ከፓራፊኑ መሃል ሰቀለው። አሳድጎ ስላችሁ አገጬ ብቻ አንድ ሙሉ ዳቦ ያህላል። እዚህ አገር እንዲያ ጎልቶ የሚሰቀል ፎቶ የሙት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ጎጎዎች፣ አሮጊቶቹ፣ ዳቦ ሊገዙ በመጡ ቁጥር በብረት ፍርግርጉ በኩል ፎቶዬን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጡና አባቴን ያጽናኑታል። እሱ ደግሞ "እንኳን ደስ አለህ" ያሉት መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰግናቸዋል። እኔም አልፎ አልፎ ከጓዳ ብቅ ስል ሙት የተነሳ መስሏቸው ይደነግጡ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የኦነርሱ ነገር የመጣው። ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደቡብ አፍሪካ ዲግሪ በሦስት ዓመት ያልቃል። ከዚያ ጥሩ ውጤት ያመጡ ጥቂቶች ተመርጠው አንድ ዓመት ይጨምራሉ፤ ይህች ዓመት ናት ኦነርስ የምትባለው። ያለ እሷ ማስተርስ የለም፣ ደህና ሥራም የለም። የኔ ትምህርት ጂኦሎጂ ነው። ከስንቱ ተማሪ መሃል ተመርጬ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ከዩኒቨርሲቲው እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። ቀጥታ ሾፕ ገባሁ። አባቴ ዳቦ እየደረደረ ነበር።

"አባዬ፣ ኦነርስ ተቀበሉኝ!"

"ምን አደረጉሽ?"

"ተቀበሉኝ። አንድ ዓመት ልማር ነው።"

"ተመርቀሽ የለ እንዴ?"

"ተመርቄያለሁ።"

"ታዲያ ምን ጎድሎ ነው?"

ዳቦውን አስቀመጠ። ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውጭ የቆሙት ደንበኞች አማርኛ የሚሰሙ ይመስል፣ እንዲህ አለኝ።

"አገር ቤት ዲግሪ በአራት ዓመት ነው። ያንቺ በሦስት ሲያልቅ ገርሞኝ ነበር። ድግሱ እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን የጎደለችውን ዓመት ሊያስሞሉሽ ጠሩሽ፣ አይደል? ንገሪኝ ልጄ፣ አልቆጣም።"

አልቆጣም የሚል አባት እንዴት እንደሚቆጣ አባት ያላችሁ ታውቃላችሁ። አስረዳሁት። እንደገና አስረዳሁት። ሲገባው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ነቅንቆ ሲጨርስ "ግን በየትኛው ትምህርት ነው የወደቅሽው?" ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ወሬው ከዳቬይተን ዮቪል ለመድረስ ታክሲ እንኳን አልጠበቀም። በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ ብርነሽ ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። ነገሩን የግል ጉዳይዋ አድርጋዋለች፤ ምክንያቱም ድግሱ የተደገሰው በሷ ቤት ነው።

"የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ" አለች ጉንጬን እየዳበሰች። "ሰው ይወድቃል። ግን በእኔ ቤት በግ ከማረዳችሁ በፊት ብትነግሪን ምን ነበረበት?"

እዚህ ላይ ጥበበኛ ሰው ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፋል። ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን ጥበቡ ቢኖረኝ ኖሮ ድንጋይ ባልተማርኩ። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁና የደቡብ አፍሪካን የትምህርት ሥርዓት ሣልኩላት፤ ባችለር ከሥር፣ ኦነርስ ከላይ፣ ማስተርስ ከዚያ በላይ፣ ልክ እንደ መሬት ንብርብር። ሞቅ ሲለኝ የእውነተኛውንም የመሬት ንብርብር ሣልኩላት። እትዬ ብርነሽ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ ዘወር ብላ አጠገቧ ላሉት ሴቶች፣ "ውይ አንጀቴን በላችው። ያለፈ ሰው እንዲህ ያብራራል?" አለቻቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አላብራራም ብዬ ማልኩ። ወድቃለች ይበሉ! ሰርቃለች ይበሉ! እኔ እማራለሁ። እልህ ጥሩ ቁርስ አይደለም ይላሉ፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ቁርሴም ምሳዬም እሱ ነበር።

የቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የኦነርስ ተማሪ የራሷ ጥናት ስላላት የራሷም ድንጋዮች አሏት፤ እኔም የኔዎቹን ወደ ቤት አምጥቼ አልጋዬ ሥር ደርድሬ ነበር። እናቴ ንጹሕ ሴት ናት። አንድ ቀን ስመለስ ድንጋዮቼን በኦሞ አጥባ፣ የጻፍኩባቸውን ቁጥር ሁሉ ፈግፍጋ አስለቅቃ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታቸዋለች። "እንዴት ያለ ቆሻሻ መሰለሽ፣ ቀለም ሁሉ ነበረባቸው" አለችኝ በኩራት። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ከመሃላቸው ትልቁ ደግሞ ጠፋ። ፈልጌ ፈልጌ ጓዳ አገኘሁት። ከሆሳዕና ሰው ያመጣልን ቆጮ በባልዲ ተቀምጧል፤ ቆጮ ደግሞ ከላዩ የሚጫነው ድንጋይ ይፈልጋል። እናቴ እንኳን እዚህ አገር መጥታ፣ የትም ብትሄድ ደህና ድንጋይ ስታይ ታውቃለች። ወስጄ ላብራቶሪ አስገባሁት። የላብራቶሪው ሠራተኛ አሸተተው፣ ራቅ አደረገው፣ እንደገና አሸተተው፤ ከዚያ ይህ ናሙና ከየት ነው የተቆፈረው ብሎ ጠየቀኝ። ከጥልቅ ቦታ ነው አልኩት።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው በዓመቱ አጋማሽ ነው። ጂኦሎጂ የሚማር ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ድንኳን ውስጥ እያደረ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተራመደ የራሱን ካርታ መሥራት አለበት። ካምፕ ያልወጣ ኦነርስ የለውም፤ በቃ፣ ዓመቱ ባክኗል፣ ሌላ ዕድል የለም። ለአባቴ ነገርኩት።

"ድንኳን?" አለ።

"ድንኳን።"

"ከማን ጋር?"

"ከክፍል ልጆች ጋር። ከመምህራን ጋር።"

"ወንዶች አሉ?"

ዋሽቼ አላውቅም ልላችሁ አልችልም፤ በዚህ ግን አልዋሸሁም። አሉ አልኩት። አባቴ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ አንድ ፍርድ ፈረደ። "ያላገባች ልጅ ዱር ለዱር ከወንድ ጋር አታድርም። መጀመሪያ ወደቅሽ፣ ዝም አልኩ። አሁን ጫካ ልትገቢ ነው። ተዪው። ከነገ ጀምሮ ሾፕ ግቢ።"

"ሾፕ አልገባም" አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። እሱም የደነገጠ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አልጮኸም። "እናያለን" ብሎ ወጣ።

እናያለን የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ያኔ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አባቴ ከሳምንት በኋላ፣ ለኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሽማግሌ ላከ።

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ አጎንብሼ ነበር። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ታንዲ እየሮጠች መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

"አጎቶችሽ መጥተዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ባርኔጣ ይዘዋል። ወንበር ብሰጣቸው አንቀመጥም አሉ።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ማነው እሱ? ለኔ ንገሪኝ።"

"ማን ማነው?"

ሆዴን አየች።

በዙሉ ደንብ የልጅቷ አጎቶች ባርኔጣቸውን ይዘው በድንገት የሰው ቤት ከቆሙ የመጡበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ልጃችንን ከናንተ አንዱ አስረግዟታልና ካሡ ለማለት ነው። ታንዲ ይህን ሳታጣራ ለሁሉም አድርሳለች። የትምህርት ክፍሉ ወንዶች ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። አንዱ ረዳት መምህር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከኔ ጋር ከሰላምታ ሌላ ተነጋግሮ የማያውቅ ልጅ፣ መስኮቱን ከፍቶ ከፍታውን ሲለካ አየሁት።

የተላኩት ጋሽ ላምቤቦና ሁለት ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ጋሽ ላምቤቦ ማለት ከዳቬይተን እስከ ክሊፕታውን የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካካደ ሸሪክ ሁሉ ያስታረቁ ሰው ናቸው። የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ እግራቸው ያበጠው በዚሁ ነው ይባላል። አማካሪዬ ዶክተር ኖምሳ ቢሮ መሃል ላይ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ዶክተር ኖምሳ ተራራ ላይ ያረጀች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከወረቀት ይልቅ መዶሻ የሚበዛባት ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ሲሉ እሷም ተነስታ ቆማለች። ሽማግሌ ቆሞ ልጅ አይቀመጥም አለችኝ በኋላ ስጠይቃት።

"ሳውቦና ማማ" ብለው ጀመሩ ጋሽ ላምቤቦ በሾፕ ዙሉ። "ኢንጋኔ ያሚ..." ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚያውቁት ዙሉ ዳቦ፣ ስኳርና "ዛሬ ዱቤ የለም" ስለሆነ ወደ አማርኛ ተመለሱና "ተርጉሚ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። ይህች ልጅ ሳትጨርስ ጨረስኩ ብላ አስደግሳናለች። ጥፋቷን አምነን መጥተናል። የጎደላትን በይቅርታ ሞልታችሁ፣ ከድንኳኑም ምራችሁ፣ ልጃችንን ስጡን።"

ተረጎምኩ። ጆሮዬ እየነደደ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ መደበቅ እችል ነበር፣ ግን የኔ ጥፋት ያልሆነውን ለምን እደብቃለሁ? ዶክተር ኖምሳ መነጽሯን አወለቀች። ረጋ ብላ መለሰች። የመለሰችውን ደግሞ ለሽማግሌዎቹ መልሼ መናገር የነበረብኝ እኔው ነኝ።

"አልወደቀችም ትላለች። እንዲያውም ከክፍሉ በውጤት ከበለጡት አንዷ ናት ትላለች። በብዙ ሰው መሃል የመረጥኳት እኔ ነኝ ትላለች። እ... ጎበዝ ናት ትላለች።"

ጋሽ ላምቤቦ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"እንዲህ አለች?"

"አዎ።"

"በዚህ ቃል?"

"አዎ ጋሼ።"

ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞሩ። "ተከሳሿም እሷ፣ አስተርጓሚዋም እሷ! እስቲ ይኼ በየት አገር ዳኝነት ነው?"

እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ይህን ጊዜ ነው አባቴ ከበሩ ኋላ የወጣው። ለካስ ሲሰማ ቆይቷል። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል፤ ሾፑን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ መጥቷል፤ ያውም የደሞዝ ቀን። ማንንም አላናገረም። ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ መደርደሪያ ሄደና እዚያ ከተደረደሩት ትልቁን ድንጋይ አነሳ። የትምህርት ክፍላችን መመኪያ ነው፤ ከዓለም አሮጌ ድንጋዮች አንዱ፣ እኛ ተማሪዎቹ ሳናስፈቅድ የማንነካው። አባቴ ያንን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠና በአገራችን ደንብ ዶክተር ኖምሳ ፊት አጎነበሰ።

"ማሩልኝ" አለ ወለሉን እያየ። "ልጄን ማሩልኝ።"

ሳቄ መጣ። ከዚያ ዕንባዬ መጣ። ከሁለቱም በላይ ግን ንዴቴ መጣ። ዳቦ ሲሸከም የኖረ ጀርባ፣ በሌባ የተደበደበ ጀርባ፣ አሁን ደግሞ ስለኔ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ያውም በከንቱ!

"አባዬ አውርደው!" ብዬ ጮህኩ። "ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ሰው ነው። እኔ አላጠፋሁም። ያላጠፋሁትን አትሸከምልኝም! ተመርጬ ነው የገባሁት፣ ካምፑም እሄዳለሁ፣ እጨርሳለሁም!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ወይ ጊዜ!" አሉ። ዶክተር ኖምሳ ጠረጴዛዋን ዞራ መጣችና ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት ላይ በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አነሳችው። ለድንጋዩ አዝና ይሁን ለአባቴ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ትርጉሙን ነገርኳት። ድንጋዩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"ለአባትሽ ንገሪው" አለች። "በእኛም አገር አባት ለልጁ ያጎነብሳል። እኔ ግን አልምርም፤ የምምረው ነገር የለም። ድንኳኑን በተመለከተ፣ የምትተኛው ከኔ ጋር ነው። አንኮራፋለሁ፤ ወንድ እንኳን ጅብ አይጠጋንም።"

ጋሽ ላምቤቦ ይህን ሲሰሙ ዣንጥላቸውን መሬት መቱ። "እንግዲያው አደራ ተቀብላለች። እኛም ዋስ ገብተናል። መጨረሻዋን መጥተን በዓይናችን እናያለን" አሉና፣ እሺ የተባሉ ስለመሰላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ። አባቴ ግን አልተቀመጠም። "እኔ እሺ አላልኩም" ብሎ ሸሚዙ ላይ የቀረውን አቧራ ሳያራግፍ ወጣ።

ካምፑ ሄድኩ። አባቴ በሄድኩበት ጠዋት ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሎ የሚያህሉ ከረሜላዎች ይቆጥር ነበር። ቻው አልኩት። መቁጠሩን ቀጠለ። እናቴ በሶ በቦርሳዬ አስገባችልኝ። ልመለስ ነው እንዴ ብዬ ሁለት ልብ ሆንኩ፤ እግሬ ግን ከኔ ይልቅ እልኸኛ ስለሆነ ታክሲው ውስጥ አስገባኝ።

ስለ ተራራው ብዙ አልነግራችሁም። አዲሱ ጫማዬ በመጀመሪያው ቀን አፉን ከፈተ። ወንዝ ስሻገር ወድቄ ካርታዬ ረጠበ፣ እንደገና ሠራሁት። ዶክተር ኖምሳ ስለ ማንኮራፋቷ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። በየምሽቱ ስልኬ ይጠራል፤ አባቴ ነው።

"ዶክተሯ አለች?"

"አለች። አንተስ እንዴት..."

"አቅርቢልኝ።"

እሰጣታለሁ። "ሄሎ ማማ፣ ኦኬ?" ይላል። "ኦኬ፣ ታታ" ትላለች፤ አባባ ማለቷ ነው። ይዘጋል። ከኔ ጋር አያወራም፤ ተኳርፈናል። መጨረሻ ላይ ዶክተር ኖምሳ ከኔ ተምራ "ደህና ናት" ማለት ጀመረች፤ አባቴ በስልኩ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ይዘጋል።

ዓመቱ ሲያልቅ የሠራሁትን ካርታ በመርማሪ ፊት ቆሜ መከላከል ነበረብኝ። ካለፍኩ ጨረስኩ፤ ካላለፍኩ እትዬ ብርነሽ ትክክል ልትሆን ነው፤ ከሁለተኛው የባሰ ነገር በዚህ ምድር ላይ አይታየኝም ነበር። ዋሶቼ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። ጋሽ ላምቤቦ በሁለት ባልንጀሮቻቸው መሃል የፊተኛው ወንበር ላይ፣ አባቴ የኋለኛው ላይ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጠራው መርማሪ ቅንድቡ የነጣ፣ ሲጠይቅ የማይቸኩል ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው። ካርታዬ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን መስመር ለምን እዚህ ታጠፈች፣ ለምን እዚያ ቀጥ አለች እያለ ፈተለኝ። መለስኩ። ተከራከርኩ። በአንዷ መስመር ላይ እንዲያውም ተሳስተዋል አልኩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ተራራው ከመነሳቱ በፊት ከሥሩ ስለነበረው ነገር።

ጭንቅላቴን ፈተሽኩ። ባዶ ነው።

"አላውቅም" አልኩ በእንግሊዝኛ። ይህችን እንግሊዝኛ ደግሞ ጋሽ ላምቤቦ ያውቋታል። "አለቀ!" ብለው ተነሱ። ዣንጥላቸውን ለባልንጀራቸው ሰጡ። ዓይናቸው ግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት ድንጋዮች ሄደ።

"ጋሽ ላምቤቦ!" አልኩ በአማርኛ፣ በዚያ ሁሉ ፕሮፌሰር ፊት። "በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ!"

ተቀመጡ። ሊለምኑ ተነስተው እሺ ሳይባሉ ሲቀመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። ወደ መርማሪው ዞርኩ።

"አላውቅም" አልኩት እንደገና። "እርስዎስ ያውቃሉ?"

ዶክተር ኖምሳ አንገቷን ደፋች። ፕሮፌሰሩ ነጭ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ሳቀ።

"እኔም አላውቅም" አለ። "ማንም አያውቅም። ብታውቂ ኖሮ ነበር የምጥልሽ።"

አለፍኩ። በማዕረግ አለፍኩ። ጋሽ ላምቤቦ ፕሮፌሰሩን፣ ዶክተሯን፣ ታንዲን፣ መስኮት ሲለካ የነበረውን ያንን ምስኪን ልጅ ሳይቀር ጨብጠው መረቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ መንገድ ሄድን።

"ሰውየውን እርስዎስ ያውቃሉ አልሽው አሉ፣ እውነት ነው?" አለኝ መስኮቱን እያየ።

"አልኩት።"

"ምን አለ?"

"አላውቅም አለ።"

"ፕሮፌሰር ነው?"

"ፕሮፌሰር ነው።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቀሰ ብዬ ደንግጬ ባየው ይስቃል፤ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ዕንባው እስኪወርድ ይስቃል።

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ ብርነሽ በሩ ላይ ናት። ሴቶቿም አሉ።

"እህሳ አቶ ሎምበሶ" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ልጅቷ አለፈች አሉ በመጨረሻ። እኛ እኮ ወድቃ ነው ሲባል ስንት ጸለይንላት።"

አፌን ከፈትኩ፤ ዓመት ሙሉ የሳልኩት ምላስ ነበረኝ። አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው።

"አዎ፣ ወድቃ ነው እትዬ ብርነሽ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ እንደገና ልትወድቅ ነው፤ ማስተርስ ይሉታል። ላንቺም ልጅ እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ውድቀት ይስጠው።"

ምርቃት ነው። ያውም ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የመረቀው። እትዬ ብርነሽ ወደ ሴቶቹ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ምን ታድርግ።

"አሜን" አለች።